ማንሻው የተበላሸ ዕለት

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ነው። ነቃይ አይደለም፤ ነቃዮቹ ነጭ ለብሰው ፎቅ ላይ ናቸው። እሱ ምድር ቤት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በጄሶ ብናኝ ከእነሱ ጋውን በላይ ነጭ ሆኖ፣ ለተነቀለው ምትክ ሲሞርድ ይውላል። የሰው አፍ በጄሶ ተቀርጾ ይመጣለታል፤ እሱም ባለቤቱን ሳያይ ጥርስ ያበጅለታል። ጨዋታ ሲያምረው «በዚህ ከተማ የማላውቀው ሰው ሁሉ በእኔ ጥርስ ይስቃል» ይል ነበር። ጨዋታ ደግሞ አብዝቶ ያምረው ነበር።

በወጣትነቱ በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከድቶታል። ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ዊልቸሩን በገዛ እጁ ስለሚገፋ ክንዱ የአንጥረኛ ክንድ ሆኗል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሰውነቱ ደንዳና፣ ሚዛን ላይ ቢወጣ ሚዛኑን የሚያስጨንቅ ሰው ነው።

መከራው ታክሲ ነበር። ተራው ታክሲ፣ እሱ እጁን ሲዘረጋ ከሩቅ አይቶት ይቀዘቅዛል፤ ቀረብ ሲል ዊልቸሩን ያይና ነዳጁን ረግጦ እብስ ይላል። የሚቆመውም ቢሆን ምክንያት አያጣም። «ወንበሬን ትቧጭርብኛለህ።» «የኋላው ዕቃ ሞልቶታል።» «አብሮህ ሰው የለም እንዴ?» ይቺ የመጨረሻዋ ከሁሉ ትብስበት ነበር። እሱ ራሱ ሰው አይደለም ያሉት ይመስለዋል።

በኋላ ግን አንድ የታክሲ ድርጅት ከኋላቸው ማንሻ ያላቸው ሁለት ሚኒባሶች አመጣ። ከሁለቱ አንዱ ከጋራዥ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የዚያ የአንዱ ሾፌር ሃምሳውን ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ ለተባለው ሁሉ «እሺ» የሚል ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «እንቁላል» ይሉታል፤ አነዳዱ እንቁላል የጫነ ሰው አነዳድ ነዋ። እሱም አልተቀየመም። «እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ያልፈዋል።

ጥርስ ሠሪውና እንቁላል ለዓመታት ጧት ማታ ተያዩ። እንቁላል የኋላውን በር ይከፍታል፤ ማንሻው እያቃሰተ ይወርዳል፤ ዊልቸሩ ይወጣበታል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዊልቸሩን ከወለሉ ጋር የሚያጣብቁትን ቀበቶዎች አንድ በአንድ ያስርና መታ መታ ያደርጋቸዋል።

«ታሰርክ?»

«ታሰርኩ ጋሼ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገረኝም።»

በየቀኑ ይቺው ነች ቀልዳቸው። በየቀኑም ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ጥርስ ሠሪው አንድ ታላቅ ወንድም አለው፤ የግንባታ ሠራተኞች አለቃ ነው። ይኸው ወንድም ለዓመታት ሲያቆም ሲያፈርስ የኖረውን የራሱን ቤት ጨረሰና ለእሁድ ምሳ ሰው ጠራ። ለታናሹ ደወለና እንዲህ አለው፦

«ቤቱ አለቀልህ! ግን አንተ አትቸገር። ዳገት ነው፣ መንገዱም ገና አልተስተካከለም። ፎቶ አንስቼ እኔው ቤትህ ድረስ አመጣልሃለሁ።»

ወንድምየው ይህን ያለው ከልቡ አስቦለት ነው። ጥርስ ሠሪው ግን «አትቸገር» የምትለዋን ቃል «አታስቸግረን» አድርጎ ሰማት። ሌሊቱን ሲያገላብጣት አደረና ሲነጋ ለእሁድ ታክሲ አዘዘ።

እሁድ ረፋዱ ላይ እንቁላል ደወለ።

«ወንድሜ፣ ማንሻው እምቢ አለኝ። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይወርድም። መካኒኩ ደግሞ ነገ ነው የሚመጣው። ሌላ ቀን ብናደርገውስ?»

ጥርስ ሠሪው ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንተም እንደ ወንድሜ ቤትህ ተቀመጥ ልትለኝ ነው ጋሼ?»

«እሺ፣ መጣሁ» አለ እንቁላል።

ሁለት ጎረቤቶች ተጋግዘው ጥርስ ሠሪውን የፊት ወንበር ላይ አወጡት፤ ዊልቸሩ ታጥፎ በጎን በር ገባ። ወንድሙ ሰፈር ሲደርሱ ጥርስ ሠሪው እንቁላልን ከቤቱ በፊት ያለው መታጠፊያ ጥግ ላይ እንዲቆም አደረገው። እዚያም መንገደኛ ለምነው አወረዱት። ከዚያ ዳገቷን ላብ በላብ ሆኖ፣ በገዛ ክንዱ እየገፋ ብቻውን ወጣት። በሩ ላይ ብቅ ሲል ወንድሙ የያዘውን ብርጭቆ ለሰው አቀብሎ ሮጠ፤ አንገቱን አቅፎ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንግዳው ሁሉ ዞሮ አየ። ቤት ሙሉ ግንበኛ፣ ቤት ሙሉ ትከሻ።

ጥርስ ሠሪው ደስ አለው። ደስታው ደግሞ አፉን ፈታው። በምን እንደመጣ ሲጠይቁት «መኪናው ማንሻ አለው እኮ፤ አንድ ነገር መጫን ነው፣ ሽቅብ ነው! የሰው እጅ አያስፈልገኝም» አለ። ምሳ እየተበላ ይህንኑ ለሌላ ሰው ደገመው። ሊሄድ ሲነሳ ወንድሙ ልሸኝህ ቢለው «ተው፣ እንግዶችህን አስተናግድ» ብሎ ከበሩ መለሰው።

ጥጉ ላይ እንቁላል ይጠብቀዋል። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የእሁድ ከሰዓት ነው፤ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል።

«ሰው ልጥራ፤ ወንድምህ ጋ ጎረምሳ ሞልቷል» አለ እንቁላል።

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ሰው እስኪያልፍ እንጠብቅ።»

«ስንጠብቅ ከቤት የሚወጣ ያየናል ጋሼ። እነሱ ፊት እንደ ጆንያ አልነሳም። ብቻህን ትችለኛለህ።»

እንቁላል የጥርስ ሠሪውን ትከሻ አየ፤ ከፍ ያለውን የፊት ወንበር አየ። ከዚያ «እሺ» አለ።

በብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው። ጥርስ ሠሪው እጁን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ጉንጫቸው ሊነካካ ነው። መሐል ላይ የእንቁላል ትንፋሽ ቀጥ አለ፤ «እህ» አለ፣ ከዚያ በላይ ድምፅ አላወጣም። ግን አልጣለውም። ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ዊልቸሩን አጣጥፎ አስገባ፣ መኪናውን ተደግፎ ጥቂት ቆመ።

«ምነው ጋሼ?»

«ምንም። እርጅና ነው።»

እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ነዳ። ከልማዱም በላይ ቀስ አለ። ቤት ሲደርሱ ሁለቱ ጎረቤቶች የሉም። እንቁላል ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ላቡን ጠረገና በሩን ከፍቶ እጁን ዘረጋ። ጥርስ ሠሪው ላቡን አይቷል። ከንፈሩ እንደ ጄሶ መንጣቱንም አይቷል። እያየ እጁን አንገቱ ላይ ጠመጠመ።

በኋላ እንቅልፍ የነሳው ይኸኛው ነው። የመጀመሪያውን «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ራሱን ሊያታልልበት ይችላል። ሁለተኛው ላይ ግን የሚለው አጣ።

ሰኞ ታክሲው አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ሲደውል ስልክ ተቀባይዋ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር እያኘከች የምታወራ ልጅ፣ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነገረችው።

«ወገቡ ተያዘ አሉ። አልጋ ላይ ነው። ከባድ ዕቃ ሲያነሳ ነው የሚሉት።»

«ምን ዕቃ?»

«እኔ እንጃ፤ ዕቃ ነዋ።»

«እግዜር ይማረው» አለና ስልኩን ዘጋ። ዕቃው እሱ መሆኑን አልተናገረም።

እነዚያን ቀናት ሥራው ጠማማ ሆነበት። ለአንዲት ባልቴት የሠራው የላይ ጥርስ ከፍ ብሎ አፋቸው አልገጥም አለ። ሐኪሙ ከፎቅ ወርዶ ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሴትዮዋ እቤታቸው ድረስ ሳይፈልጉ ሲስቁ ሄዱ» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥርስ የማያስከድን ቀልድ ነበር። ጥርስ ሠሪው ግን አንገቱን ደፍቶ መሞረዱን ቀጠለ። ጧትና ማታ እንደ ድሮው ከተራ ታክሲ ጋር ይለማመጣል፤ አንዱ ጥሎት ሲያልፍ በውስጡ «የእጄን ነው» ይላል።

በመጨረሻ ይቅርታ ሊጠይቅ ወሰነና አድራሻ አፈላልጎ ሄደ። ቤታቸው አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሥር ሆኖ ሽቅብ አየ። ከአደጋው ወዲህ ደረጃ ጠላቱ ነበር፤ እንዲያ ያሳፈረው ደረጃ ግን አልነበረም። አንዲት ልጅ እግር ጎረቤት ወጥታ ነገረችለት፤ የእንቁላል ሚስት ወረደች። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ነች። አየችው፤ ዊልቸሩን አየች፤ አወቀችው።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ስለዚያ ቀን ... ይቅርታ ልል ነው የመጣሁት።»

«ነግሮኛል» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ይቅርታውን ለባለቤቱ ነው የሚሉት። እሱ ደግሞ መውረድ አይችልም፤ እርስዎም መውጣት አይችሉም። እንግዲህ እንዴት እናድርግ?»

ወደ ውጭ ወጡና ሽቅብ ተጣራች። የእንቁላል አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ፊቱ አልታየም፣ ድምፁ ግን መጣ።

«ማነው?»

ጥርስ ሠሪው አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ «እኔ ነኝ ጋሼ! እንዴት ነህ?» ብሎ ጮኸ። ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

«ደህና ነኝ! ማንሻው ተሠራ?»

«ተሠራ አሉ!»

«ጎሽ! አንተስ በምን ትመላለሳለህ?»

«አለሁ ... እንደምንም!»

ከዚያ በኋላ ማለት የነበረበት ነገር ሳይባል ቀረ። ይቅርታ በጩኸት አይወጣም ለካ። ሰው እያየው፣ ሚስትየው እጇን አጣምራ አጠገቡ ቆማ፣ «እግዜር ይማርህ ጋሼ!» ብቻ ብሎ ዊልቸሩን አዞረ። ሚስትየው እስከ መንገዱ ሸኘችው። አሸኛኘቷ ግን ሌባ እስከ ደጅ እንደሚሸኙት ዓይነት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተቀባይዋ ደወለች። «አዲስ ሾፌር መጥቷል፤ ነገ ተዘጋጅ።» ጧት ሚኒባሱ ሲቆምና በሩ ሲከፈት የወረደችው የእንቁላል ሚስት ነች። ከመውለዷ በፊት የዳቦ ቤት መኪና ትነዳ ነበር፤ መንጃ ፈቃዷም አልጠፋም ነበር። ቤቱ ያለ ደሞዝ አይሆንምና ድርጅቱን ለመነች፤ ድርጅቱም መኪናው ቆሞ ከሚከስር ብሎ ቀጠራት።

«እንደምን አደሩ» አለች። ማንሻውን አወረደች፣ አስገባችው፣ ጎንበስ ብላ ቀበቶዎቹን አጠበቀች። ስትስባቸው ዊልቸሩ ይንቀጠቀጣል። «ታሰርክ?» የሚል የለም። ጥፋቱም አሁን ይታወቃል።

አነዳዷ ሌላ ነው። ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ልታደርስ የምትጣደፍ ይመስል መታጠፊያውን ትቀነጥሰዋለች። በየቀኑ «እንደምን አደሩ» እና «ደህና ይዋሉ» ብቻ። «እርስዎ» ስትለው አክብሮቱ እንደ መጋረጃ መሐላቸው ይወርዳል። ጥርስ ሠሪው በመስተዋቱ ውስጥ ግንባሯን ያያል፤ እንዴት ነው ሊላት አፉን ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋዋል። እሷን ከማየት ይልቅ የተራ ታክሲ ሾፌሮች ንቀት ቀለለው። አንድ ቀን ለስልክ ተቀባይዋ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ሌላ አግኝቻለሁ» አላት።

ምንም አላገኘም ነበር። ጧት ጎረቤት ይለምናል፤ ማታ ክሊኒኩ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ይቆያል። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ዝናቡ ወረደበት። ታክሲ ይመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያያል፣ ያልፋል፤ ሲያልፍም ኩሬውን ጉልበቱ ላይ ይረጫል። ጫማው ውስጥ ውሃ ሞልቷል፤ እግሩ ስለማይሰማው ያወቀው ሲፈስ አይቶ ነው።

ሚኒባሱ ከወዲያ ማዶ መጥቶ ዞረና ፊቱ ቆመ። ወረደች።

«ይግቡ።»

«አይ እትዬ፣ እኔ አሁን ታክሲ ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ግባ ብያለሁ!»

ገባ። ዝናብ እየወረደባት አሰረችው፤ መሪው ጋ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሞተሩን ግን አላስነሳችም። ዞረች።

«ራስህን የምትቀጣው ለማን ብለህ ነው? አንተ በዝናብ ስለበሰበስክ የእሱ ወገብ ይቃናል?»

«ላስቸግርዎት ስላልፈለግኩ ነው።»

«አስቸግረኸኛል እኮ! ያ አልፏል! አሁን በላዩ ላይ ባዶ መኪና ታስነዳኛለህ። ማታ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ‘ጥርስ ሠሪው ደህና ገባ?’ ነው የሚለኝ። ስንት ቀን ሙሉ ‘አዎ ገብቷል’ እያልኩ ስዋሽለት ሰነበትኩ።»

ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። እሷ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባጠፋህማ አጥፍተሃል። አላጠፋህም ብዬ አላባብልህም። እሱም እምቢ ማለት ያልተማረ ሰው ነው። ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጧት የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ያን ደረጃ ስወርድ ደስ ይለኛል። ገባህ? እሱ ጣራ ጣራ እያየ ተኝቶ፣ እኔ በእሱ መኪና ልቤ ይዘልላል። ልጆች ከወለድኩ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም ነበር። ማታ ስገባ ፊቴን ደረጃው ላይ አስተካክዬ ነው የምገባው። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተን ደግሞ አሁንም አልወድህም፤ ስለማልወድህ ይሆናል የነገርኩህ።»

ከዚያ ሞተሩን አስነሳችና መንዳት ጀመረች። መንገድ ላይ የቀረውን ነገረችው። አንድ የአጥንት ሐኪም መጥቶ ይታይ ብሏል፤ ቁጭ ማለቱን ይችላል፣ ደረጃ መውረዱን ግን አይችልም። ጎረቤቶች እንሸከምህ ቢሉት «እኔ ነኝ ሰው የማነሳው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሊያየው ነዋ። ቀጠሮው ሁለቴ አለፈ፤ ሦስተኛው ለሐሙስ ነው።

ጥርስ ሠሪው ቤቱ ገብቶ ልብሱን ሳይቀይር እንቁላል ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ ለስንት ዓመት አነሳኸኝ አወረድከኝ። አንድ ቀን ንቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ ምን ነካህ! እንዴት ብዬ?»

«ታዲያ አንተን የሚሸከሙህ ይንቁኛል ብለህ ለምን ታስባለህ?»

እንቁላል በዚያ በቀሰስተኛ ድምፁ «አንተስ ያን ዕለት ለምን አሰብክ?» አለ።

ጥርስ ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ። «ጅል ስለሆንኩ ጋሼ። ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ላብህን እያየሁ ነው አንገትህ ላይ የተጠመጠምኩት። ይቅር በለኝ።»

«እሺ» አለ እንቁላል።

«ትወርዳለህ?»

«እንግዲህ ጅልነቱ ለአንተ ብቻ ይበቃል። እሺ።» ሊስቅ ጀመረና አመመው። «አታስቀኝ፣ ስስቅ ይወጋኛል።»

ጥርስ ሠሪው ስልኩን ሲዘጋ ልቡ ቀለል እንዲለው ጠብቆ ነበር። አልቀለለውም። ሰውየው ለሁሉም ነገር እሺ የሚል ሰው ነዋ፤ የትኛው «እሺ» ከልብ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ቀጥሎ ያለው ስልክ ከዚህኛው ይብስ ነበር። ለወንድሙ ደወለና ምንም ሳያስቀር ነገረው፤ ጥጉን፣ ጭር ያለውን መንገድ፣ «የሰው እጅ አያስፈልገኝም» ያለውን ጉራ። ወንድምየው እስኪጨርስ ሰማውና ፈነዳ።

«ለእኔ ጉራ ለመንፋት ብለህ የሰው ወገብ ሰበርክ? እኔ ማን ነኝ? የእናትህ ልጅ አይደለሁም? አትቸገር ያልኩህ ዳገቱ እኔን ራሴን ስለሚያስለከልከኝ ነው፤ አንተ ግን ገና ከልጅነትህ ነገር ስትጠመዝዝ ...» ትንፋሽ አጠረውና አቆመ። «መቼ ነው የሚወርደው?»

«ሐሙስ።»

«ሰው ይዤ እመጣለሁ። እዚያ ሆነህ ጠብቀኝ፤ እንዳትደበቅ።»

ሐሙስ ጧት ወንድምየው አራት ግንበኞች አስከትሎ መጣ። እንቁላልን የሚያወርዱበት ወንበር ቢፈለግ ቀበቶ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የጥርስ ሠሪው ዊልቸር። «እንግዲህ መጀመሪያ አንተን ነው የምናነሳው» አለ ወንድሙ። ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ቆመዋል። ሽማግሌው ወንበሩን ስቧል። ከሱቅ የወጣ፣ ከመስኮት ያዘነበለ ሰው ሁሉ ያያል። ጥርስ ሠሪው እጁን በሁለት ግንበኞች አንገት ላይ ጠመጠመና ወደ ሚኒባሱ የፊት ወንበር ተነሳ። ፊቱ ጋለ። ግን አየር ላይ ሳለ ያሰበው ስለ ሰዎቹ ዓይን አልነበረም፤ ከሁለት አቅጣጫ ሲያዝ እንዴት እንደቀለለ ነበር። ያን ዕለት ቢጣራ ኖሮ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ዊልቸሩ ሽቅብ ወጣ። ብዙ ቆዩ። ከደረጃው ውስጥ የወንድሙ ድምፅ ይሰማል፤ «ቀስ! ያዝ! ግራ በል! ጋሼ፣ እኛን አይዩ፣ ግድግዳውን ይዩ!» ሚስትየው ከፊት ከፊት እየወረደች በየእርከኑ ዞራ ታያለች። በመጨረሻ እንቁላል ከጨለማው በር ወጣ። ከስቷል፤ ጺሙ ሸብቷል፤ ዓይኑን ከፀሐዩ ከለለ። ከሰፈሩ አንዱ «እንኳን ለዚህ አበቃህ!» ሲል ሌላውም ተቀበለው፤ እንቁላል እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፋ።

ማንሻው ወደ ላይ ሲያወጣው የብረቱን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። «ድምፁ ተስተካክሏል» አለ። ሚስቱ ቀበቶዎቹን አጠበቀች፤ ነዳች።

«ቀስ በይ!» አለ ገና ከመታጠፊያው።

«እንቁላል አልጫንኩም።»

«ጭነሻል እንጂ!»

ወንድምየው ከጎን ወንበር ላይ ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ። ጥርስ ሠሪውም ሳቀ፤ ከዚያ ከኋላው የእንቁላልን የታፈነ «እህ» ሲሰማ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ያቺ ድምፅ ትመጣለች። ትንሽ እንደሄዱ እንቁላል «ለካ ከኋላ ሲሆን እንዲህ ያንገላታል? እኔ እኮ ተመችቶህ ይመስለኝ ነበር» አለ።

«ተመችቶኝ ነበር ጋሼ» አለ ጥርስ ሠሪው፣ ወደ ፊት እያየ።

ሐኪሙ ቢላ አያስፈልገውም አለ። ነርቩን አጥንት ተጭኖታል፤ በእንቅስቃሴና በመድኃኒት ይሻለዋል፤ በከዘራ ይሄዳል። ዕቃ ግን፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ዕድሜ ልኩን አያነሳም። እንቁላል «እሺ» አለ። ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞራ መሐረቧን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ቆየች።

እንዳለውም ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ እንቁላል በከዘራ ደረጃውን መውረድ ቻለ። ድርጅቱ ከስልክ ተቀባይዋ ጎን ወንበር ሰጠው፤ አሁን ታክሲ ሲታዘዝ የሚመልሰው የእሱ ቀሰስተኛ ድምፅ ነው፤ ደንበኛው አድራሻውን ተናግሮ ሳይጨርስ «እሺ» ይላል። ጥርስ ሠሪው አልፎ አልፎ ቢሮው ጎራ ይላል። ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ። እንቁላል ሊነሳ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ሲይዝና ፊቱን ቋጠር ሲያደርግ ግን፣ ጥርስ ሠሪው ሁልጊዜ ሌላ የሚያየው ነገር ያገኛል፤ የቀን መቁጠሪያ፣ የመስኮት መጋረጃ። እንቁላል ይህን አውቆበታል። አንድ ቀን «እየኝ እንጂ፣ ምን ይሉኝታ ነው» አለው። ጥርስ ሠሪው አየው። ማየቱ አልቀለለውም፤ ዓይኑን ግን አላሸሸም።

ሚስትየው መንዳቷን ቀጠለች። «እርስዎ» ማለቱን ከዝናቡ ቀን ወዲህ ትታዋለች። ጧት ጧት ስለ ልጆቿ ታወራለታለች፤ ስለ ትራፊክ ፖሊሶች ታማለች፤ እሱም ስለማይገጥሙ ጥርሶች ይነግራታል። ደስ ብሏት ስትነዳ አሁን ፊቷን አትደብቅም። አንድ ምሽት ከሥራ መልሳው፣ ማንሻው ላይ ሆኖ እየወረደ ሳለ፣ ድንገት ከአፉ አመለጠው።

«እትዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

እሷ የማንሻውን መቆጣጠሪያ ይዛ ቆማለች። ወለሉ አስፋልቱን ነካ። ከዚያ ዊልቸሩን በእጇ ገፋ አድርጋ ከብረቱ ላይ አወረደችው።

«ገና ነኝ» አለች። «አንዳንድ ቀን ይቅር ብዬህ አድራለሁ፤ ጧት እሱ ካልሲውን ለማጥለቅ ሲታገል ሳይ መልሼ እወስደዋለሁ።» የኋላውን በር ዘጋችና እጀታውን ሞከረችው። «ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?»